ሥራና ቅንነት ከቤት ይጀምራሉ

ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ወደ ቤቱ ሲመለስ የዋለበትን ሥራ ከደጅ ትቶ የሚገባ ይመስለዋል። ነገር ግን በማዕድ ዙሪያ የተቀመጡት ልጆች የአባታቸውን ንግግር ሳያስቀሩ ይሰማሉ። አባት የሚናገረው ስለ ሹመትና ስለ ደመወዝ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ፤ ልጁም ሥራ ማለት ሹመት ነው ብሎ ያድጋል። ስለዚህ ነገር ስናስብ የአንድ ኢትዮጵያዊ ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ልናስታውስ ወደድን።

አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በጎንደር ተወለዱ። በ1860 ዓ. ም. በመቅደላ ጦርነት ጊዜ፤ ገና ሕፃን ሳሉ ከወላጆቻቸው ተለይተው በእንግሊዝ መኮንን እጅ ወደ ህንድ አገር ተወሰዱ። በላሖር ከተማ ሕክምና ተምረው በበርማ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር አገለገሉ። ኑሮአቸው የተደላደለ፤ ስማቸውም የተከበረ ነበር። ይሁን እንጂ የዐድዋን ድል ከሰሙ በኋላ አገራቸውን ፈልገው መጡ። የአባታቸውን ቋንቋ አያውቁም ነበርና በአስተርጓሚ ተነጋገሩ፤ ዘመዶቻቸውንም አገኙ። ኋላም ጠቅልለው ገቡ።

ከዚያ በኋላ የሥራቸው ስም ብዙ ጊዜ ተለዋወጠ። ሐኪም ሆኑ፤ በ1917 ዓ. ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት መሩ፤ ዳኛ ሆኑ፤ ጨርጨርን አስተዳደሩ፤ በ1927 ዓ. ም. በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆኑ። ነፃ ለወጡ ባሮች ልጆችም ትምህርት ቤት አቆሙ። የሹመቱ ስም ቢለያይም ዓላማው አንድ ነበር፤ ይኸውም የተማሩትን ለወገን ማዋል ነው።

ይህንንም ልጆቻቸው አይተውታል። በእንግሊዝ አገር የተማሩት ልጆቻቸው ብንያምና ዮሴፍ በጠላት ወረራ ጊዜ ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር ተሰልፈው፤ በየካቲት 1929 ዓ. ም. በፋሺስቶች እጅ ተገደሉ። አባትየው ያን ጊዜ በሎንዶን ሆነው ስለ አገራቸው ይከራከሩ ነበር። በ1945 ዓ. ም. አረፉ።

ከሁላችን እንዲህ ያለ ዋጋ አይጠየቅም ይሆናል። ከእኛ የሚፈለገው ትንሽ ነው፤ ባለ ጉዳዩን ያለ መማለጃ መሸኘት፤ የዛሬውን ለነገ አለማሳደር፤ ያላወቁትን አላውቅም ማለት ነው። «ሥራ ለሠሪው እሾህ ለአጣሪው» እንዲሉ፤ የሠራነው ዞሮ ወደ እኛው ይመለሳል።

እንግዲህ በየማታው ራሳችንን አንድ ነገር እንጠይቅ። ዛሬ የሠራነውን ሁሉ ለልጃችን ሳናፍር ልንነግረው እንችላለንን? እንችላለን ያልን እንደ ሆነ፤ ከርስትና ከገንዘብ የሚበልጥ ውርስ አዘጋጅተንለታል።