የደም ላክቴት፦ ግፊት ሳይወርድ የሚጮኽ ቁጥር

ላክቴት ስሙን ያገኘው ከወተት ነው። ስዊድናዊው ኬሚስት ካርል ሼሌ በ1780 እ.ኤ.አ. ከኮመጠጠ ወተት ውስጥ አንድ አሲድ ለይቶ አወጣ። ከ63 ዓመታት በኋላ፣ በ1843፣ ጀርመናዊው ሐኪም ዮሐን ሸረር በወሊድ ትኩሳት የሞቱ እናቶችን ደም ሲመረምር ያንኑ አሲድ አገኘው። ዛሬ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሐኪም «ላክቴት ይታይለት» ሲል የሚፈልገው ይህንን ነው።

ሰውነታችን ስኳርን ወደ ጉልበት ሲለውጥ ሁልጊዜም ጥቂት ላክቴት ይሠራል፤ በዋናነት ጉበት፣ ኩላሊትም እያገዘው፣ ከደም ያጸዳዋል። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ከ2 ሚሊሞል አይበልጥም። ሴፕሲስ ሲመጣ ግን ይህ ሚዛን ይፈርሳል። ሴፕሲስ ብዙዎቻችን «የደም መመረዝ» የምንለው፣ ሰውነት ኢንፌክሽንን ሲዋጋ የራሱን አካላት የሚጎዳበት ሕመም ነው። ደም በደንብ የማይደርሳቸው ሕዋሳት ኦክሲጅን ያጥራቸዋል፤ በጭንቅ የሚረጨው አድሬናሊን ተጨማሪ ላክቴት ያሠራል፤ የደከመ ጉበትም ማጽዳቱን ያዘገያል።

እንበልና የሳንባ ምች የያዛቸው አንድ አባት አልጋ ላይ ተቀምጠው ከልጃቸው ጋር ያወራሉ። ግፊታቸው ሲለካ ደህና ነው፤ ምክንያቱም ልባቸው እየፈጠነ፣ የደም ሥሮቻቸውም እየተኮማተሩ ደግፈው ይዘውታል። ላክቴታቸው ግን 4 ሆኖ ተገኘ። ግፊት ገና ያልነገረንን ደማቸው ተናገረ፤ እኚህ ሰው ሞት ከሚያሰጋቸው ሕሙማን ተርታ ናቸው፣ ወረፋ ሊጠብቁ አይገባም። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የሴፕሲስ ትርጓሜም ፈሳሽ ተሰጥቶት ግፊቱ ያለ መድኃኒት አልቆም ያለና ላክቴቱ ከ2 በላይ የሆነን ሰው «ሴፕቲክ ሾክ» ውስጥ ነው ይላል። ከእነዚህ ሕሙማን ከ100ው ከ40 በላይ የሚሆኑት ሆስፒታል ውስጥ ይሞታሉ።

ከአንዱ ቁጥር ይልቅ አካሄዱ የበለጠ ይናገራል። ስለዚህ ከፍ ብሎ ከተገኘ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ውስጥ እንደገና ይለካል። እየወረደ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው፤ ካልወረደ ወይም ከጨመረ የጎደለ ነገር አለ ማለት ነው።

ላክቴት የሚጨምረው በሴፕሲስ ብቻ እንዳልሆነም እንወቅ። የሚጥል በሽታ የተነሳበት ሰው፣ ለአስም ሳልቡታሞል ደጋግሞ የወሰደ፣ የጉበት ሕመምተኛ፣ አንዳንዴም ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው ላይ ከፍ ሊል ይችላል። የናሙናው አያያዝም ወሳኝ ነው። ቱቦ ውስጥ ያለው ደም ሥራውን አያቆምም፤ ቀይ የደም ሕዋሳት ስኳር እየፈጁ ላክቴት ይሠራሉ። ኮሪደር ላይ የቆየ ናሙና ያልነበረ አደጋ ያሳያል። በሌላ በኩል፣ ቁጥሩ ደህና ስለሆነ ብቻ ሕመምተኛን ወደ ቤት መሸኘት ስህተት ነው።

የላክቴት መለኪያ መሣሪያ በሌለበትስ? እኔ ተስፋ የማደርገው እዚህ ላይ ነው። በ2019 የታተመ ጥናት በአምስት የደቡብ አሜሪካ አገሮች፣ በ28 ሆስፒታሎች፣ 424 የሴፕቲክ ሾክ ሕሙማንን ለሁለት ከፈለ። የአንደኛው ወገን ሕክምና በላክቴት፣ የሌላው በጣት ተመራ፦ የጣት ጫፍ በመስታወት ለ10 ሰከንድ ተጭኖ ይለቀቃል፤ ቀለሙ ለመመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ ከፈጀ ደም በደንብ እየደረሰ አይደለም። በ28 ቀን ውስጥ በላክቴት ከተመሩት 43.4 በመቶ፣ በጣት ከተመሩት 34.9 በመቶ ሞቱ። ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም ብሎ ለመደምደም ባይበቃም፣ ጣትና ሰዓት ያለው ጤና ጣቢያ ባዶ እጁን እንዳልሆነ ያሳያል።

ኢንፌክሽን የያዘው ሰው ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ሽንቱ ካነሰ እስኪነጋ አትጠብቁ። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱም ሕመሙ መቼ እንደጀመረውና ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ሳትጠየቁ ተናገሩ።