መሪ ሲሄድ ሥራው ይቀራልን?

በመኸር ወራት ከባሕር ዳር ወደ መርዓዊ የሄደ ሰው የበቆሎውን፣ ወደ ፎገራ ሜዳ የዘለቀም የሩዙን ብዛት አይቶ የጣና ዙሪያ የታደለ ምድር መሆኑን ይመሰክራል። ይሁንና በዚሁ ክልል እንደ ዋግ ኽምራ ባሉ ደረቅ አካባቢዎች የእርዳታ እህል የሚጠባበቁ ቤተሰቦች አሉ። ለእነርሱ የሚታደለው እህል ለብዙ ዘመን በአብዛኛው ከባሕር ማዶ ሲመጣ፣ የእኛ ገበሬ ደግሞ በምርት ሰሞን ዕዳውን ለመክፈል በርካሽ ይሸጥ ነበር።

ይህን ለማቃናት የዓለም የምግብ ፕሮግራም በወይዘሮ ጆዜት ሺራን መሪነት እ.ኤ.አ. በ2008 «ግዥ ለዕድገት» የተባለ ሥራ ጀመረ። ሐሳቡ ለተራበ የሚሰጠው እህል ከአነስተኛ ገበሬዎች ይገዛ የሚል ነው። ሙከራው ከተካሄደባቸው 20 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ገበሬው እህሉን ለማኅበሩ፣ ማኅበሩም ለዩኒየኑ ያስረክባል፤ ባሕር ዳር ላይ የሚገኘው መርከብ ዩኒየን ከእነዚህ ዩኒየኖች አንዱ ነው። ገዢው እህሉ ከመረከቡ አስቀድሞ ውል ይገባል። ያ ውል ለባንክ ብድር መያዣ ስለሚሆን፣ ዩኒየኑ ገበሬውን ሳያስጠብቅ ይከፍላል። በፊናው እህሉን በሚገባ ማድረቅና ከነቀዝ መጠበቅ ግዴታው ነው።

ወይዘሮ ሺራን ሙከራው ሳያልቅ በ2012 ከሥራቸው ለቀቁ። የተኳቸው ወይዘሮ ኧርታሪን ከዝን ቀደም ሲል በአሜሪካ የምግብ ባንኮች ኅብረት ያገለገሉ ነበሩ። ሙከራው እስከ 2013 ዘለቀ፤ ከዚያም በኋላ ከአነስተኛ ገበሬዎች መግዛቱ አልቀረም። ለምን? ሥራው በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ብቻ አልቆመምና ነው። ውሉ፣ መጋዘኑና ሚዛኑ በብዙ እጅ ነበሩ።

ከታሪካችንም ብንማር፣ ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ኻሊድ ኢብኑል ወሊድን (ረ.ዐ) ከጦር መሪነት ባነሷቸው ጊዜ፣ ኻሊድ በአቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ሥር ሆነው ማገልገላቸውን ቀጠሉ። ሹመቱ አለፈ፤ ኺድማው ግን አልተቋረጠም።

ነገር ግን ሥርዓት ብቻውን አይበቃም። በ2023 የእርዳታ እህል ከተረጂው እጅ ሳይደርስ ወደ ሌላ መንገድ መሄዱ በመታወቁ፣ በአገራችን እደላው ለወራት ቆሞ ነበር። በጥቂቶች ክህደት ምንም ያላጠፉ ሕፃናት ጾማቸውን አደሩ። እህል አማና ነው፤ ከአውድማ እስከ ተረጂው ጓዳ የሚያልፍበት እጅ ሁሉ ይጠየቅበታል።

እኛም ብንሆን በዝናብ ከበቀለው ከአሥር አንድ፣ በመስኖ ከለማው ከሃያ አንድ የድሆች ሐቅ እንዳለበት እናውቃለን። እንግዲህ ወላጆች ይህን ሐቅ በልጆቻችሁ ፊት ስፈሩ። ወጣቶችም የማኅበራችሁን ሚዛንና መዝገብ መመርመር ልመዱ፤ ነገ መሪ ሲሄድ ሥራውን የምትረከቡት እናንተ ናችሁ። አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን።