«እኔ» ማለት የከበዳት አመልካች



በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የሚዛን ዝናብ እንደ ልማዱ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት በጉያዋ ይዛ ቤቴ መጣች። እኔ ገና ከኮሌጅ ወጥቼ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ካስተማርኳቸው ልጆች አንዷ ናት። በግብርና ተመርቃ በሸዋ ቤንች በኩል ከቡና ገበሬዎች ጋር ትሠራ ነበር። ዕድሜዋ 25 ዓመት ሞልቶ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለያዘችው ጉዳይ ዕድሜ አንዱ መስፈርት ነበር።

«እንግሊዝኛዬን ይዩልኝ፣ ቲቸር» አለችኝ።

እንግሊዝኛው ደህና ነበር። ችግሩ ሌላ ነው። ሁለት ገጽ ሙሉ ስትጽፍ አንድም ሰው አልታየኝም። «ሥልጠና ተሰጠ፣ ደብተር ተከፋፈለ፣ ችግሩ ተለየ፣ ሚዛኑ እንዲስተካከል ተደረገ።» ማን ሰጠ? ማን አከፋፈለ? ብዬ ብጠይቃት አንገቷን ደፍታ «ያው... እኛ» አለች። እነማን ናችሁ ብላት ደግሞ ዝም። በመጨረሻ የገባኝ ነገር «እኛ» የምትለው እሷን ብቻ መሆኑን ነው።

ያመለከተችው ለማንዴላ ዋሽንግተን ፌሎሺፕ ነበር። «ፌሎሺፕ» የሚለውን በአንድ የአማርኛ ቃል ልተካው ብዙ ሞክሬ አልሆነልኝም። ነጻ የትምህርት ዕድል እንዳልለው ዲግሪ የለውም፤ ሥልጠና ብዬ እንዳላልፈው ከሥልጠና ይሰፋል። ስለዚህ እንደ ሬድዮና እንደ ባንክ በስሙ ልተወው።

ነገሩ እንዲህ ነው የተጀመረው። እ.ኤ.አ. በ2010 ብዙ የአፍሪካ አገሮች ነጻ የወጡበትን 50ኛ ዓመት ሲያከብሩ፣ ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ 115 አፍሪካውያን ወጣቶችን ዋሽንግተን ጠርተው አነጋገሩ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ የአሜሪካ መንግሥት ይህንን ወደ ቋሚ መርሐ ግብር ለውጦ ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች 500 ወጣቶችን መረጠ። ለዚያ ለመጀመሪያው ዙር ያመለከቱት ወደ 50,000 ይጠጉ ነበር፤ ከመቶ አንድ ማለት ነው። በ2016 ቁጥሩ ወደ 1,000 ከፍ አለ፤ ቆይቶ ወደ 700 ዝቅ አለ። አመልካቹ በዋናነት ከ25 እስከ 35 ዓመት የሆነው፣ በንግድ ወይም በማኅበራዊ አገልግሎት ወይም በመንግሥት አስተዳደር ሥራ የጀመረና አንድ የሚታይ ነገር የሠራ መሆን ነበረበት። የተመረጠው ስድስት ሳምንት በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ከሌሎች ወደ 25 ከሚጠጉ አፍሪካውያን ጋር ይሰነብት ነበር። ከዚያ ሁሉም ዋሽንግተን ላይ ተሰብስበው ወደየአገራቸው ይመለሱ ነበር። የአውሮፕላን ቲኬቱን፣ ማደሪያውንና ምግቡን ጋባዡ ይሸፍን ነበር። ለማመልከትም ሆነ ለመመረጥ የሚከፈል አንድ ብር እንኳ አልነበረም። ወላጆች ይህችን ልብ በሉልኝ። «ፎርሙን አስገባላችኋለሁ» እያሉ ከቡና ሽያጭ ገንዘብ የሚቀበሉ ደላሎች በእኛም አካባቢ አሉ።

ለአንባቢዎቻችን ደስ የምትል አንዲት ነገር ልጨምር። የመጀመሪያዎቹ 500 ወጣቶች አሜሪካ የነበሩት በ1435 ዓመተ ሂጅራ ረመዷን ነው። ሙስሊሞቹ በዚያ የበጋ ረጅም ቀን ነው የጾሙት። ፕሬዚዳንቱ ዋሽንግተን ላይ አግኝተዋቸው ፌሎሺፑ በኔልሰን ማንዴላ ስም እንዲጠራ መወሰኑን ያበሠሩበት ቀን፣ ጁላይ 28 ቀን 2014፣ ዒደል ፊጥር ነበር።

አሜሪካኖቹ ይህን ዘዴ በአፍሪካውያን ላይ አልጀመሩትም። ለራሳቸው ልጆች እ.ኤ.አ. በ1964 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የዋይት ሀውስ ፌሎሺፕ የሚባለውን አቋቁመዋል። በየዓመቱ ጥቂት ወጣት ባለሙያዎች ይመረጡና ለአንድ ዓመት ከከፍተኛ ባለሥልጣናት ጎን ሆነው መንግሥት እንዴት እንደሚሠራ ያያሉ። በኋላ የጦር ኃይሎች የኤታ ማዦር ሹሞች ሰብሳቢና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ኮሊን ፓውል በ1972 ከተመረጡት አንዱ ነበሩ።

በዚያው በ1964 እኛም አገር አንድ ትልቅ ነገር ተጀምሯል። የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው እንዲያገለግሉ ደነገገ። አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ አስተማሪ ሆነው ዋሉ። ያ በምርጫ ሳይሆን በግዴታ ነበር፤ አቅጣጫውም ተቃራኒ ነው። ይህ ፌሎሺፕ ወጣቱን ከጠረፍ አንስቶ ወደ መናገሻ ከተማ ይወስደው ነበር፤ ያኛው ግን የመናገሻውን ልጅ ጭቃ ወዳለበት ይልከው ነበር። የትኛው መሪ ያፈራል ብባል፣ እኔ አስተማሪ ነኝና ለሁለተኛው አደላለሁ። አሁን ሱሉልታ ላይ ቀድሞ በመለስ ዜናዊ ስም ይጠራ የነበረው የአመራር አካዳሚ አለ። እንዲህ ያሉ ተቋማት በብዛት የሚያሠለጥኑት ግን የተሾመውን ነው። ገና ያልተሾመውን፣ በሸዋ ቤንች ጭቃ ውስጥ ደብተር የሚያከፋፍለውን፣ ፈልጎ የሚያገኝ ማን ነው?

ወደ ልጅቷ ልመለስ። የሠራችው ነገር ይህ ነበር። እሸት ቡና የሚያቀርቡት ሴቶች አብዛኞቹ ማንበብና መጻፍ አይችሉም። ቡናው ሲመዘን የሚነገራቸውን ሰምተው ይሄዳሉ፤ ደረሰኝ ቢሰጣቸውም አያነቡትም። እሷ ለእያንዳንዷ ሴት ደብተር ሰጠች። ለአንድ ፈረሱላ፣ ማለት ለ17 ኪሎ፣ አንድ ረጅም መስመር፤ ለኪሎ ደግሞ አጭር መስመር። ሴቶቹ ቤታቸው በጣሳ ለክተው ያሰምራሉ፤ ሚዛን ላይ የተባሉትንም ከጎኑ ያሰምራሉ። በወሩ መጨረሻ ሁለቱ መስመሮች ሲተያዩ እኩል አልሆኑም። ያች ደብተር የመዛኙን ሥራ አጋለጠች፤ ሚዛኑም ተቀየረ። (ሚዛን በምትባል ከተማ እየኖርን በሚዛን መታለላችን እስከ ዛሬ ያስቀኛል፤ ሴቶቹን ግን አላሳቃቸውም።)

ይህን የመሰለ ሥራ ይዛ «ተደረገ» ብላ መጻፏ ለምን ይመስላችኋል? ልጅቷ ያደገችው በእኛ ቤት ነው። ራሱን የሚያወድስ ሰው ይታፈራል። መድረሳ ውስጥ ከልጅነታችን የሰማነው ታሪክ አለ። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) ሹመት ቢጠይቁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሹመት አማና መሆኑን ነግረው መለሷቸው። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ሰሙራንም (ረ.ዐ.) ሥልጣን እንዳይጠይቁ መክረዋቸዋል። እሷም ይህን አንስታ «ቲቸር፣ ራሴን ምረጡኝ ማለት ይሄ አይደለም?» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ወዲያው መልስ አልነበረኝም።

ሌሊቱን ሳስበው የዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ታሪክ ታወሰኝ። የግብጽን ግምጃ ቤት እንዲሰጧቸው የጠየቁት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ጠባቂና ዐዋቂ መሆናቸውንም ተናግረዋል። ዑለሞችም ይህን ይዘው፣ ሰው በጥቅም ፍላጎት ሳይሆን ለሕዝብ በሚበጅ ሥራ ችሎታውን ቢገልጽ ነውር እንደሌለው ያስረዳሉ። ወጣትነትም ቢሆን እንቅፋት አልነበረም። ኡሳማ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ.) ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው ነው ታላላቅ ሶሓቦች ባሉበት ጦር ላይ አዛዥ የሆኑት፤ ያኔም በዕድሜያቸው ያጉረመረመ ሰው ነበር። ሙዓዝ ኢብኑ ጀበል (ረ.ዐ.) ወደ የመን ሲላኩ በምን እንደሚፈርዱ መጠየቃቸው በሰፊው ይነገራል፤ ከዛሬው ቃለ መጠይቅ በምን ይለያል?

በማግሥቱ ይህን ነገርኳት። አንድ ልምምድም ሰጠኋት። የተበላሸውን ነገር ጻፊ አልኳት። ጻፈች። የመጀመሪያው ዙር ደብተሮች ላስቲክ ሳይለብሱ ተከፋፍለው ዝናብ አብሰበሳቸው፤ የአንድ ወር መስመር ጠፋ። እዚህ ላይ ግን «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ላስቲክ መግዛት ረሳሁ» ብላ ነበር የጻፈችው። ወረቀቱን አሳይቻት «ጥፋቱ የአንቺ ከሆነ ደብተሩስ የማን ነው?» ስላት ሳቀች። ከዚያ በኋላ «እኔ» መጻፍ ቻለች፤ ያም ቢሆን አንዳንድ ቦታ ሰርዛ «እኛ» ስትል ያዝኳት።

የድጋፍ ደብዳቤ ሌላ ፈተና ሆነ። የቅርብ ኃላፊዋ «ማን ፈቅዶልሽ ነው?» ብሎ አልጽፍም አለ። በሚዛኑ ጉዳይ ሳይቀየማት አልቀረም። ስለዚህ ሴቶቹ ራሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ፣ ተረጎምኩ፤ እነሱ በአውራ ጣት ፈረሙ። በኢንተርኔት ቤት ስካን ስናደርገው ልጁ «ይሄ ሁሉ አሻራ ለፍርድ ቤት ነው?» ብሎ ጠየቀን።

ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። ከሚዛን አዲስ አበባ በቦንጋና በጅማ አድርጎ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሸገር ላይ ያደገው አመልካች በታክሲ ለሚደርስበት ቃለ መጠይቅ የእኛዋ አንድ ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዛ፣ ዘመድ ቤት አድራ፣ እግሯ አብጦ ነው የቀረበችው። ከመቶ አንዱ መሆን ለሁሉም እኩል ከባድ እንዳልሆነ ይህ ይበቃል።

በመጋቢት ወር መመረጧ ተነገራት። ደስታው ገና ሳይሰክን አባቷ ወደ እኔ መጡ።

«ኡስታዝ፣ አንተ የሁለቱንም ትምህርት ተምረሃል። ሴት ልጅ ብቻዋን ያን ያህል አገር ትሂድ?»

ፈትዋ መስጠት የእኔ ደረጃ አይደለም። ወደ አንድ አዛውንት ሼኽ ይዣቸው ሄድኩ። ሼኹ መጀመሪያ ጥያቄ ነው ያበዙት። ከማን ጋር ትሄዳለች? የት ታድራለች? መንገዱ ሰላም ነው? ከዚያ የቀደሙት ዑለሞች በዚህ ጉዳይ አንድ ቃል እንዳልሆኑ፣ ከታመኑ ሴቶች ጋርና በሰላማዊ መንገድ ሲሆን የፈቀዱም እንዳሉ አስረዱ። ውሳኔውን ለአባትየው ተዉላቸው። አባቷ በዚህ ብቻ አልረኩም። ከጅማ የተመረጠች ሌላ ልጅ እንዳለች ሲሰሙ የዚያችን ልጅ እናት በስልክ ካላነጋገርኩ አሉ። ሁለቱ እናቶችም ከግማሽ ሰዓት በላይ ተነጋገሩ። ካርዱ አልቆ እንደገና ተሞላ። ስልኩ ሲዘጋ እናቷ «ይሄዳሉ» ብቻ አሉ፤ «ትሄዳለች» አላሉም።

በሰኔ ሄደች። ስትነሳ አሜሪካ በነጻ የሚሰጠው ነገር ምንድነው ብለው የሚጠራጠሩ ነበሩ፤ አልተሳሳቱም። ማንም መንግሥት ለሌላ አገር ወጣት ገንዘብ ሲያወጣ ነገ ወዳጅ የሚሆነው መሪ እንዲኖር አስቦ ነው። ይህን እኔም ነግሬያታለሁ። እያወቁ መቀበልና ሳያውቁ መቀበል ግን አንድ አይደለም። ስንቅ ሲሰጡህ የሰጪውን ሐሳብ ማወቅ ስንቁን ከመብላት አይከለክልም።

ትልቁ ፈተና የመጣው ስትመለስ ነው። በነሐሴ መጀመሪያ፣ ለዒደል አድሐ ደርሳ፣ ሻንጣዋን እየጎተተች ሰፈር ስትገባ፣ ብዙ ሰው ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ሳይሆን ግራ መጋባት ነበር። አሜሪካ ገብቶ የሚመለስ ማን አለ? አንዳንዱ ወንጀል ሠርታ ተባረረች አለ። አንዲት ጎረቤት ለእናቷ የለቅሶ ያህል እያዘኑ «ምነው ልጅሽ ዕድሏን ገፋች?» አሏቸው። እናትየውም ለተወሰኑ ቀናት ልጃቸውን አኩርፈው እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ወንድሞቿን ታስተምርልኛለች ብለው ተስፋ አድርገው ነበር፤ ተስፋቸው ደግሞ በባዶ የተገነባ አልነበረም። በየቤቱ የውጭ አገር ብር የሚልክ ልጅ ያለው ቤት ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናያለን። ፌሎሺፑ ለተመላሾች በስብሰባና በወረቀት ብዙ ይዘጋጅ ነበር፤ ለእናት ኩርፊያ ግን የሚያዘጋጅ ክፍል አልነበረውም።

አባቷ ለጎረቤቶች የሚሰጡት መልስ አንድ ነበር። «ስትሄድ እመለሳለሁ ብላ ፈርማለች። ስትፈርም ቆሜ አይቻለሁ።» ከዚህ በላይ አይናገሩም። ሰው ሲያበዛባቸው ተነስተው ወደ መስጊድ ይሄዳሉ።

ከእናቷ ጋር እንዴት እንደታረቁ ጠይቄያት «ገና ነን» ብላኛለች። ያ በጥቅምት 2012 ነበር፤ ቡናው መቅላት ጀምሯል። ሸዋ ቤንች በኩል አብሬያት ወርጄ ሴቶቹ ወረፋ ይዘው አየሁ። ደብተሮቹ ሁሉ ላስቲክ ለብሰዋል። አንዲት አሮጊት መስመራቸውን ከመዛኙ መስመር ጋር እያስተያዩ «አንድ አጭር ጎደለ» አሉት። መዛኙም ከረጢቱን መልሶ ሰቀለው።