ድንች በበረንዳ፦ ከአፈሩ በፊት ዘሩና ወሩ

ድንች ከቤታችን የማይጠፋ ምግብ ነው። በጾም ቀን ከካሮትና ከጥቅል ጎመን ጋር አልጫ ይሆናል፤ ተቀቅሎ በሚጥሚጣ ይበላል፤ ተጠብሶ የልጆች ምሳ ዕቃ ውስጥ ይገባል። እንደዚህ የምንወደውን ነገር ቤታችን ስለማብቀል ሲነሳ ግን ከገርጂ እስከ አያት ያለው መልስ ተመሳሳይ ነው፤ «ቦታ የለንም»።

ለድንች ቦታ ትልቁ ጉዳይ አይደለም። አንድ የማዳበሪያ ከረጢት የሚያቆም ጥግና በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ካለዎት በቂ ነው። ልፋትዎ ፍሬ እንዲያፈራ ወይም ባዶ እንዲቀር የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የሚተክሉት ዘርና የሚተክሉበት ወር።

አየሩ የድንች አየር ነው

ድንች የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ከፍተኛ ተራሮች፣ ከዛሬዎቹ ፔሩና ቦሊቪያ አካባቢ ነው። ወደ አገራችን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1858 ገደማ ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እንደሆነ ይነገራል። ድንች የደጋ ሰብል ስለሆነ ቀኑ መጠነኛ ሙቀት፣ ሌሊቱ ደግሞ ቀዝቃዛ ሲሆን ከመሬት በታች ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እንኳ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው የሚገኘው። በሞቃት አገር ያለ ጀማሪ አትክልተኛ የሚመኘውን አየር እኛ በነፃ አግኝተነዋል።

ሒሳቡን አስቀድመን እንነጋገር

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና ትርፍና ኪሳራውን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ሦስት ዘር ድንች የተተከለበት አንድ ከረጢት፣ በደንብ ከተያዘ፣ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ምርት ቢሰጥ ጥሩ ነው። ለመጀመሪያው ዙር አፈር፣ ብስባሽና ዘር ሲገዙ ወጪዎ ከገበያ ድንች ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ «የአትክልት ወጪያችንን እንቀንሳለን» ብለው አይጀምሩ። የሚያተርፉት ሌላ ነገር ነው፤ ምን እንደተረጨበት የሚያውቁት ድንች፣ በሁለተኛው ዙር የሚቀንስ ወጪ፣ እንዲሁም ምግብ ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ ሳይሆን ከአፈር እንደሚመጣ በዓይኑ የሚያይ ልጅ።

ዘሩን ይምረጡ

ከገበያ ያመጡትን ድንች ወዲያው ቢተክሉት ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። አዲስ የተቆፈረ ድንች ሁለት ሦስት ወር «ይተኛል»፤ ሳያጎነቁል ቢቀበር እርጥበት ላይ መበስበስ ይጀምራል። ከዚህም በላይ የገበያ ድንች በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። በተለይ አጠውልግ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ አፈር ውስጥ ስለሚቆይ የሚቀጥለውን ዙር ጭምር ያበላሻል።

የተሻለው የተመሰከረለት ዘር ድንች ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ የሚገኘው የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ለደጋው አየር የሚስማሙ ዝርያዎችን አውጥቷል። ጃለኔ፣ ጉደኔና እ.ኤ.አ. በ2009 የተለቀቀው በለጠ በስፋት የሚታወቁ ናቸው። የት እንደሚገኙ የወረዳዎን የከተማ ግብርና ባለሙያ ይጠይቁ።

መጠኑ የእንቁላል ያህል የሆነና ቁስል የሌለበት ይምረጡ፤ ቆራርጦ መትከል ለጀማሪ አይመከርም፤ የተቆረጠው ፊት ለብስባሴ በር ይከፍታል። ከመትከልዎ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት አስቀድመው በእንቁላል ካርቶን ላይ ደርድረው፣ ብርሃን በሚያገኝበት ነገር ግን ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ቦታ ያስቀምጡት። ጨለማ ውስጥ ያጎነቆለ ድንች ረጅምና ነጭ ቡቃያ ያወጣል፤ ሲነኩት ይሰበራል። በብርሃን ያጎነቆለው ግን አጭርና ጠንካራ ይሆናል። ቡቃያው 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ዘርዎ ተዘጋጅቷል።

ወሩን ይምረጡ

የድንች ዋና ጠላት ሌት ብላይት የሚባለው በሽታ ነው። ቅጠሉ ላይ ውኃ እንዳዘለ ቦታ ጠቆር ያለ ነጥብ ይወጣል፤ አየሩ እርጥብና ቀዝቃዛ ከሆነ በቀናት ውስጥ ተክሉን ያከስመዋል። እ.ኤ.አ. በ1845 አየርላንድ ላይ የደረሰውና አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰው የጨረሰው ረኀብ መነሻው ይኸው በሽታ ነበር። የእኛ ሐምሌና ነሐሴ ለዚህ በሽታ የተመቸ ወቅት ነው።

ስለዚህ ለጀማሪ ሁለት ጊዜያት ይሻላሉ። አንደኛው የካቲት መጀመሪያ ነው፤ ውኃ እያጠጡ አሳድገው ዋናው ክረምት ሳይገባ ግንቦት መጨረሻ አካባቢ ይቆፍራሉ። ሁለተኛው ዝናቡ የሚቀንስበት መስከረም አጋማሽ ነው፤ ምርቱ ለገና ሰሞን ይደርሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዱ ሲጠና ከረጢቱን ወደ ግድግዳ ጠጋ ያድርጉት።

እዚህ ላይ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ግቢ ካለው ይልቅ አንድ ብልጫ አለው። በሽታው ቅጠሉ ካልረጠበ አይነሳምና ጣሪያ ያለው በረንዳ ጥሩ መከላከያ ነው። እርስዎም ሲያጠጡ ቅጠሉን ሳይሆን አፈሩን ያጠጡ።

አተካከሉ

በቦሌ፣ በሰሚትና በጎሮ ብዙ ቦታ የሚገኘው ጥቁር ዋልካ አፈር ብቻውን ለድንች አይሆንም። ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ውኃ ያቁራል፤ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ብስባሽና ጥቂት አሸዋ ይቀላቅሉ። ያልበሰለ ፍግ አይጨምሩ፤ የድንቹን ልጣጭ የሚያሻክር በሽታ ያባብሳል።

1. የ50 ኪሎ የማዳበሪያ ከረጢት ታጥቦ ሥሩና ጎኑ ይበሳ፤ ውኃ እንዲወርድ በጡብ ላይ ይቀመጥ። የታች ቤት ጎረቤት ካለ ከሥሩ ሳሕን ማድረግ አይርሱ።
2. አፉን ወደ ውጭ ጠቅልለው ሲሶውን በአፈር ይሙሉ።
3. ሦስት ዘር ድንች ቡቃያውን ወደ ላይ አድርገው አራርቀው ያስቀምጡ፤ 10 ሴንቲ ሜትር አፈር ያልብሱት። በ20 ሊትር ባልዲ ከሆነ አንድ ብቻ ይበቃል።
4. ተክሉ አንድ ስንዝር ሲያድግ የላይኛው ቅጠል ብቻ እስኪታይ አፈር ይጨምሩ፤ የከረጢቱንም አፍ ይፍቱ። ይህን ከሁለት እስከ ሦስት ጊዜ ይድገሙት። ገበሬው አፈር ማስታቀፍ የሚለው ይህንኑ ነው። ድንቹ ብርሃን እንዳያገኘውም ይሸፍነዋል።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አትክልት ያጠቡበትን ሳሙና የሌለው ውኃ ያጠራቅሙ። ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ይክተቱ፤ ሁለት አንጓ ያህል ከደረቀ ያጠጡ። ከአበባው ወቅት ጀምሮ ውኃ ከተቋረጠበት ድንቹ ትንንሽ ሆኖ ይቀራል።

ሲደርስ፣ ከልጆች ጋር

እንደ ዝርያው ከ90 እስከ 120 ቀን ውስጥ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይወድቃል። ግንዱን ከላይ ቆርጠው ሁለት ሳምንት ይታገሡ፤ ልጣጩ ይጠነክራል። ከዚያ ከረጢቱን ሸራ ላይ ይገልብጡትና ፍለጋውን ለልጆች ይተዉላቸው። የቁፋሮ ቀን እሑድ ቢሆን ይመረጣል፤ ማንም መቅረት አይፈልግም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። የድንች ቅጠልና ከአበባው በኋላ የሚመጣው ትንሽ ቲማቲም የሚመስል አረንጓዴ ፍሬ መርዛማ ነው፤ ልጆች እንዳይቀምሱት አስቀድመው ይንገሯቸው። ፀሐይ አግኝቶት አረንጓዴ የሆነ ድንችም ሶላኒን የተባለ መርዝ ይጨምራልና አይብሉት፤ ምግብ ማብሰል አያጠፋውም። የቀረውን ሳያጥቡ፣ ጨለማና አየር ባለው ቦታ ያስቀምጡ።

አፈሩን አይጣሉት። ነገር ግን በዚያው አፈር ድንች፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ ወዲያው አይትከሉ፤ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ስለሆኑ በሽታ ይጋራሉ። ብስባሽ ጨምረው ሰላጣ፣ ጎመን ወይም ባቄላ ይዝሩበት። ለድንቹ ሌላ ከረጢት ያዘጋጁ፤ ለሚቀጥለው ወቅት የሚሆነውን ዘርም ከወዲሁ ያፈላልጉ።