ለንግግር የሚሆን ጥናት

ንግግር የሚያደርግ ተማሪ አስቀድሞ ርእሱን ሊያጠብ ይገባዋል። «የኢትዮጵያ ታሪክ» ብሎ የተነሣ ሰው ማብቂያ የለውም፤ «የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ» ያለ ግን የሚፈልገውን ያውቃል።

ሁለተኛ፣ ከወሬ ይልቅ ዋናውን ጽሑፍ ይመልከት። ውሉ በ1881 ዓ.ም. በአማርኛና በጣሊያንኛ ተጻፈ። አማርኛው ዐፄ ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣሊያ አጋዥነት መላላክ እንደሚቻላቸው ይናገራል፤ ኢጣሊያ ግን የራሷን ጽሑፍ ይዛ ግዴታ ነው አለች። በ1888 ዓ.ም. ለሆነው የዐድዋ ጦርነት አንዱ ምክንያት ይህ ነበር። እኔም አንዱን ብቻ አንብቤ ስናገር፣ አንድ አድማጭ «ሌላውስ ምን ይላል?» ቢለኝ መልስ አጣሁ።

ሦስተኛ፣ ከየመጽሐፉ የሚያገኘውን ከነገጹ ይጻፍ፤ የዘመኑንም አቈጣጠር ይለይ። የእኛ 1881 በፈረንጅ መጽሐፍ 1889 ሆኖ ይገኛልና። አድማጭ የሚያምነው የጮኸውን ሳይሆን አጣርቶ የመጣውን ነው።