ጳጉሜን በኮምፒውተር ፊት

በቡሬ መናኸሪያ «መኪናው በ12 ሰዓት ይነሣል» የተባለ መንገደኛ ጎሕ ሲቀድ ስንቁን ይዞ ይገኛል እንጂ ሰዓቱ የቱ ነው ብሎ አይጠራጠርም። ይህንኑ ቃል ባሕር ማዶ ያለ ሰው በድረ ገጽ ላይ ቢያነበው ግን ቀትር ይመስለዋል። ልዩነቱ የመጣው አንዱ ወገን ስለ ተሳሳተ ሳይሆን፣ የእኛ ቈጠራ ከንጋት፣ የእነርሱ ከእኩለ ሌሊት ስለሚነሣ ነው።

በሰዓት የደረሰው በቀንም ይደርሳል፤ በዚህ ግን የሚጎዱት ልጆቻችን ናቸው። ጳጉሜን 3 ቀን 2005 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ አለች እንበል። ወላጆቿ ለውጭ አገር ትምህርት በድረ ገጽ የቀረበውን ቅጽ ሲሞሉላት፣ ቅጹ የሚያውቀው 12 ወር ብቻ ነውና የልደት ወሯን የሚጽፉበት ስፍራ ያጣሉ። ተቸግረው በ12ኛው ወር ቢያስገቡትና ዓመቱን እንዳለ ቢተዉት፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 8 ቀን 2013 የተወለደችው ሕፃን ዲሴምበር 3 ቀን 2005 የተወለደች ትሆናለች፤ ስምንት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዕድሜ ባንድ ጊዜ ይጨመርላታል። ይህ ወረቀት ከልደት ምስክሯ ጋር በተገናኘ ጊዜ ማን ያምናታል? የካቲት 30 የተወለደውንማ ቅጹ እንዲህ ያለ ቀን የለም ብሎ ይመልሰዋል።

የሚያስገርመው፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ለሁለቱም አቆጣጠር ባዕድ መሆኑ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ የሚይዘው አንድ የሴኮንድ ቍጥር ነው። ቈጠራውም የሚነሣው በግሪንዊች ሰዓት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት ሲሆን፣ ይህም በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ነገሩን ቶሎ ያስተውለዋል፤ በዚያም አስቀድሞ ዓመተ ዓለሙ ይገኝና ወንበሩ፣ አበቅቴው፣ መጥቅዑ ከእርሱ ይወጣሉ። ዓመተ ዓለሙ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ዘመነ ሉቃስ ነውና ጳጉሜን 6 ትሆናለች።

ስለዚህ ብልህ የድረ ገጽ ሠሪ ቅጽበቱን በአንድ መልክ ያኖረዋል፤ ሲያሳየው ግን የአንባቢውን ልማድ ያለብሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው አይ ኤስ ኦ 8601 የተባለው ደረጃ ዓመቱን አስቀድሞ 2013-09-08 ብሎ ስለሚጽፍ፣ ወሩ የቱ ቀኑ የቱ የሚለውን ክርክር ያስቀራል። የልደት ቀን ግን ያለ ሰዓት ቢቀመጥ ይሻላል። በቡሬ እኩለ ሌሊት ተብሎ የተመዘገበው በግሪንዊች ገና የዋዜማው ምሽት ነውና፣ ልጅቱ ሳትወለድ በአንድ ቀን ቀድማ ትቈጠራለች።

ጃቫስክሪፕት በተባለው የድረ ገጽ ቋንቋ ያለው የቀን ማሳያ ዛሬ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል፤ ዓመተ ዓለሙን ጭምር። በአማርኛ አሳይ ተብሎ ቢታዘዝ ጳጉሜንን በፊደላችን ያወጣታል። ሰዓቱን ግን አይነካውም፤ 8 ሰዓት ያለውን «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» የሚያሰኘውን ትእዛዝ ሠሪው በገዛ እጁ መጨመር አለበት።