የሚታቀፍ እንቁላል አያያዝ

አንዲት ዶሮ 12 እንቁላል ታቅፋ 4 ጫጩት ብቻ ብታወጣ፣ ብዙ ሰው «እድሌ ነው» ብሎ ይተወዋል። የተበላሹት 8 እንቁላሎች ግን የጨውና የሳሙና መግዣ ነበሩ። ነገሩ የእድል ብቻ አይደለም። እንቁላሉ ከመታቀፉ በፊት እንዴት ተቀመጠ? ዋናው ጥያቄ ይህ ነው።

አውራ ያገኛት ዶሮ የጣለችው እንቁላል ሕይወት አለው። ምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ ከዋለ፣ ሽሉ ያለጊዜው ማደግ ይጀምርና ይሞታል። ስለዚህ ቀዝቀዝ ባለ ጥላ ቦታ፣ ሾጠጥ ያለ ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ አስቀምጡት። ከ7 ቀን በላይ አታቆዩት። ቢቆሽሽም በውሃ አትጠቡት፤ ውሃው እድፉን በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ ያስገባል። የተሰነጠቀውን ለወጥ አድርጉት።

ለአገራችን ዶሮ ከ10 እስከ 12 እንቁላል ይበቃታል። ከበዛ ዳር ዳሩ ያለው ይበርደዋል። ሁሉንም በአንድ ቀን አስታቅፏት። አለዚያ ቀድመው የወጡትን ጫጩቶች ይዛ ስትነሳ የቀሩት ይበላሻሉ። ምግብና ውሃዋም ከአጠገቧ አይራቅ፤ ርቃ ከቆየች እንቁላሉ ይቀዘቅዛል።

በ7ኛው ቀን ማታ፣ ጨለማ ቤት ውስጥ እያንዳንዱን እንቁላል በባትሪ ብርሃን እዩት። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ የደም ሥር ካለው ደህና ነው። ጥርት ብሎ ባዶ የሆነውን አውጡት። አውጥታችሁ ስትጨርሱ የቀሩትን ቁጠሩ። በ21ኛው ቀን ደግሞ ጫጩቶቹን ቁጠሩ። ሁለቱን ቁጥሮች ጽፋችሁ አስቀምጡ። በሚቀጥለው ጊዜ ስታስታቅፉ ልዩነቱን ታውቁታላችሁ።